ፎርማት ማድረግ ማሻሻል አይደለም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እናም በፍኖተ ሰላም ይሁን በቡሬ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ዛሬ ወይ ነገ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገራቸው አይቀርም። እኛን የሚያሳስበን አሻጋገሩ ነው።

በየከተማችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት! ባለሙያው «ዴስክቶፕ ላይ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ይላል፤ ያለውን ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ ሲ ድራይቭን ያጸዳል፤ ሒሳቡን ይቀበላል። አለቀ።

አላለቀም እንጂ! ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የምትጽፍ ልጅ ሁለት ፊደል ስትመታ «ለምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት» የሚለው ሙሉው እንዲወጣላት ወርድን በአውቶኮሬክት ያስለመደችው በዓመታት ነው። ያ ዝርዝር የሚቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ነው። ፎርማት ሲደረግ እሱም አብሮ ይጠፋል። በገጽ ለምትከፈል ልጅ ይህ እንጀራዋ ነው። ከገበዝ ማርያም ለቀጠሮ የመጣው ገበሬ ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆሞ ሰዓት ይቆጥራል።

ሾርትከትስ? ሾርትከት ፋይሉ ያለበትን የሚጠቁም ምልክት እንጂ ፋይሉ አይደለም። እሱን ብቻ በፍላሽ የያዘ ሰው የፈረሰ ቤት አድራሻ ነው የያዘው።

የፎንቱ ጉዳይ ይብሳል። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ ካልተጫነ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል።

ባለሙያው ሰነፍ ነው እያልን አይደለም። ግማሽ ቀን ለፍቶ ቢያሻግርም በግማሽ ሰዓት ቢያጠፋም የሚከፈለው ያው ከሆነ፣ ለምን ይለፋ? ስለዚህ ለማሻገሩ ሥራ ለብቻው እንክፈል። ኮምፒውተሩ ለዊንዶውስ 11 የሚበቃ ከሆነ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን ሳያጠፉ በላዩ ላይ ማሳደግ ይቻላል። የማይበቃ ሆኖ ማሽኑ ከተቀየረ ደግሞ የተጠቃሚው ፎልደር ከነድብቁ፣ ፎንቶቹና የአማርኛ መጻፊያው ቀድመው ይያዙ፤ ጸሐፊዋ አዲሱ ላይ አንድ ሙሉ ማመልከቻ ጽፋ ሳታትም አሮጌው ዲስክ አይነካ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፎርማት የተደረገ ግን ተለቅሞ አያልቅም።

ባለሙያው «ምን ትፈልጋላችሁ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ ይጠይቅ። ካልጠየቀ እኛ እንንገረው።