ክብደቱ ከወረደ በኋላስ?

በዚህ ወር በየቤቱ መነጋገሪያ ስለሆነ ጉዳይ እናወጋለን። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «የክብደት መቀነሻውን መርፌ ላምጣልሽ?» ይላል። ሌላው ደግሞ ቱርክ ሄዶ ጨጓራውን ስላስቀነሰ ጓደኛው ያወራል። ሁለቱም ሕክምናዎች እውነተኛ ናቸው፤ ይሠራሉም። ሆኖም «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ከማለትዎ በፊት «ከዚያስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ።

በቅድሚያ ራስዎን ይለኩ። ቁመትዎን በሜትር ይያዙና በራሱ ያባዙት፤ ክብደትዎንም ባገኙት ቁጥር ያካፍሉ። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 95 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 35 ገደማ ነው። 25 ሲደርስ ክብደት ጨምሯል ማለት ነው፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቦርጭ ለስኳርና ለልብ በሽታ ስለሚያጋልጥ የወገብ ዙሪያዎን፣ የደም ስኳርዎንና የደም ግፊትዎንም ይታዩ።

ውፍረት የስንፍና ምልክት አይደለም። ሰው ሲከሳ ሰውነቱ የቀነሰውን ለመመለስ ይታገላል፤ ረሃብ ይጨምራል፣ የሚያቃጥለው ጉልበትም ይቀንሳል። መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና በዚህ ትግል ያግዛሉ እንጂ የአመጋገብንና የእንቅስቃሴን ቦታ አይተኩም።

ሴማግሉታይድ (ኦዜምፒክና ዊጎቪ በሚባሉ ስሞች የሚሸጠው) በሳምንት አንድ ጊዜ ቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው። አንጀት ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን ሆርሞን ተመስሎ ቶሎ የመጥገብ ስሜት ይሰጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንታት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ስለዚህ ሠርግ ሲደርስ ለሦስት ወር ብቻ የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ አልፎ አልፎ የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣትም ያጋጥማል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። በሻንጣ የሚመጣውን ደግሞ ይጠንቀቁ። መርፌው ሥራ ላይ እስኪውል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ሲገባው፣ በጉዞ ላይ እንዴት እንደቆየ ማን ያረጋግጥልዎታል? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ገበያ ላይ መገኘቱን አስጠንቅቋል።

ቀዶ ሕክምናው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ይቀራል። በሌላኛው ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ መሠረት ቀዶ ሕክምናው ልኬታቸው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ይመከራል፤ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ላለበት ግን ከ30 ጀምሮ ይፈቀዳል።

ከቀዶው በኋላ ለሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያም ልም ምግብ ይወሰዳል። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ያስፈልጋሉ፤ የደም ምርመራውም አይቋረጥም። እርግዝና ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘገያል። በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምሱ ከሆነ፣ በዚያች ትንሽ ጨጓራ ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽሮና ከባቄላ እንዴት እንደሚያሟሉ ቀዶውን ከማድረግዎ በፊት ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ይመካከሩ።

ሕክምናውን ውጭ አገር የሚያደርጉ ከሆነ ሲመለሱ የሚከታተልዎትን ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ያግኙ፤ የተደረገልዎትንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ከቀዶው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እንግዲህ ሐኪምዎ ፊት ሲቀርቡ ሦስት ጥያቄዎችን ይያዙ፦ ይህ ሕክምና ለእኔ ለምን ተመረጠ? ለስንት ጊዜ ይቀጥላል፣ ወጪውንስ እስከዚያ እችለዋለሁ? ችግር ቢገጥመኝ ማንን አገኛለሁ? የሦስቱን መልስ ሳያገኙ መርፌውንም ቢላዋውንም አይጀምሩ።

መልካም ጤና!