ማስተርሱ ይደርሳል፤ ዋርዱ ይቅደም

ነርሲንግ በዲግሪ አጠናቆ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ምዘናውንም ያለፈ ወጣት ሐረር ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ሥራ ልግባ ወይስ ማስተርሴን ልቀጥል? ጥያቄው እዚህ ከተማ ውስጥ ይበልጥ ይጎላል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ሐረር ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የኮሌጁ ማስተማሪያ ነው፤ ስሙን በግንብ ከታጠረው የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል የወሰደው ጁገል ሆስፒታልም እዚሁ አለ። መማሪያውና መሥሪያው እንዲህ ተጎራብተው ሳለ የትኛው ይቅደም ለሚለው የእኔ መልስ ግልጽ ነው፦ ሥራው ይቅደም፤ ትምህርቱም ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሥራው በጠቆመው አቅጣጫ ይከተል።

ምክንያቴ ነርስነት ታካሚው አጠገብ የሚበስል ሙያ መሆኑ ነው። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ጥልቅ ብቃት አምስት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ አሳይታለች፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሚደረሰውም በተመሳሳይ ሥራ ሁለት ሦስት ዓመት ከተቆየ በኋላ ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳል ይዞት መጣ እንበል። በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች እንደሚጠረጠር ማንኛውም ተመራቂ ያውቃል። ሆኖም ሕፃኑ እያለቀሰ የተቆጠረ ትንፋሽ ያሳስታል። እናቱ እስክታባብለው መታገሥ፣ ልብሱን ገልጦ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ አለመሰርጎዱን ማየት፣ ሰዓት ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር፣ ይህንንም ሌሎች ታካሚዎች ተሰልፈው እየጠበቁ መሥራት የሚለመደው በመደጋገም ነው። ሐረር ላይ ደግሞ እናቲቱ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ልትሆን ትችላለች። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በምትሰማው ቋንቋ ጠይቆ መልሷን መረዳት የትኛውም ማስተርስ የማይሰጠው ችሎታ ነው።

«ትምህርትም እኮ ሕይወት ያድናል» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ9 የአውሮፓ አገሮች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት፣ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጥናቱ የቆጠረው ዋርድ ውስጥ የሚሠሩትን ነርሶች ነው። በዚያው ጥናት መሠረት አንድ ነርስ የሚይዘው ታካሚ በአንድ ሲጨምር የሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ዕውቀቱ የሚጠቅመው ባለቤቱ ከታካሚው ሳይርቅ ሲቀር ነው። ከዲግሪ በቀጥታ ወደ ማስተርስ፣ ከዚያም ወደ ቢሮ ወይም ወደ ማስተማር የሚሄድ ሰው ይህን ጥቅም ለዋርዱ አይሰጥም፤ ራሱ ያልሠራበትን ሥራ ለተማሪ ማሳየትም ይቸግረዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የኑሮ ነው። ፈቃድ ይዘው በበጀት እጥረት ሳይቀጠሩ የቀሩ የጤና ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፤ የተቀጠሩትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ሥራ አጥቶ ማስተርስ የሚጀምርን ወጣት ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን መቀጠሪያ በጀት በሌለበት ሁለተኛ ዲግሪ ብቻውን ቅጥር አይፈጥርም። «ሥራ ከገባሁ ትዳሩም ልጁም ይይዘኛል፤ ወደ ትምህርት አልመለስም» የሚለው ስጋትም፣ በተለይ ለሴት ነርሶች፣ እውነተኛ ነው። የስጋቱ መፍትሔ ግን ልምድን መዝለል ሳይሆን ሠራተኛው ሳይለቅ የሚማርበትን መንገድ ማመቻቸት ነው።

ይህን ለመጀመር ሐረር የተመቸች ናት። ኮሌጁ ለክሊኒካል ማስተርስ ተማሪ ሲቀበል የዋርድ አገልግሎትን ከመግቢያ ፈተናው ጎን ክብደት ይስጠው። ሆስፒታሎቹ የተረኝነት ፕሮግራም ሲያወጡ የሚማሩትን ነርሶች የክፍል ሰዓት አስቀድመው ያስገቡ። ነርሷም በሠራችበት ዘርፍ፣ በሕፃናትም ይሁን በድንገተኛ ወይም በቀዶ ሕክምና፣ ተምራ ወደዚያው ዋርድ ስትመለስ በዕድገትና በደመወዝ ይታወቅላት። ተመራቂውም የሥራ ቦታ ካገኘ ይግባበት፤ የማስተርሱን ርዕስ ከታካሚዎቹ ይማራል።