ለመካኒክ ያልተከፈለው ገንዘብ የት ገባ?

እሁድ ጠዋት በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሯ የሚገባ ባለመኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውየው መካኒክ አይደለም፤ ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ደላላ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ የጋራዥ የእጅ ዋጋ እንደማይቀመስ ይናገራል። መልሱ ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ሂሳቡ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ግን ለመካኒክ ሊከፈል የነበረው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በኪስ አይቀርም።

ባለመኪናውን ወደዚህ የገፋው ችግር እውነተኛ መሆኑ አይካድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ሦስቱ ተደምረው አሮጌዋን ቶዮታ እንደ ቅርስ ተጠብቃ የምትያዝ ንብረት አደረጓት። መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ።

የስሌቱ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከዶላሩ ጋር የወጣው በዋናነት የመለዋወጫው ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ባለመኪናው በራሱ ሠርቶ የሚያድነው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው። የፍሬን ሸራውን፣ ፊልትሮውንና ካንዴላውን ቤቱም ቢሠራ ጋራዥም ቢወስድ መግዛቱ አይቀርም። በምሳሌ ሲታይ፣ ከአንድ ጥገና 10,000 ብር ውስጥ 7,000ው ለዕቃ፣ 3,000ው ለእጅ የሚውል ቢሆን፣ አሥር ጊዜ በራሱ የሠራ ሰው 30,000 ብር ያድናል። ከአሥሩ አንዷ ተበላሽታ 30,000 ብር ካስወጣችው ትርፉ ዜሮ ነው። ለክሪክና ለቁልፍ መግዣ የወጣው ገንዘብና ከሥራ የባከነው ሰዓት እዚህ ውስጥ ገና አልተቆጠሩም።

አንዷ ስህተት ደግሞ ሩቅ አይደለችም። ካንዴላ ከልክ በላይ ሲጠብቅ በአሉሚኒየም የተሠራውን የቴስታታ ጥርስ ይበላል፤ የካንዴላ ሥራ የነበረው የቴስታታ ሥራ ይሆናል። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በደንብ ካልታሰረ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ ሞተሩ ተጣብቆ ይቀራል። በፍሬን መስመር ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ይህ የሚታወቀው በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ጉዳቱ በብር የሚተመን አይሆንም። ድጋፍ ሳይደረግ፣ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባትም እንዲሁ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ኪሳራው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ባለመኪናው ለምን ወደ ጋራዡ አይመለስም? ዋናው ምክንያት አለማመን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጽሑፍ ችግሩን ያብራራል፤ ሊቁ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሻጭ የዕቃውን ጥራት ሲያውቅ ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል፤ ጥሩ ዕቃ የያዘውም ከገበያው ይወጣል ነው ነገሩ።

የጋራዡም ገበያ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሶማሌ ተራ ኦሪጅናሉ፣ አምሳያውና ከሌላ መኪና የተፈታው ዕቃ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ የትኛው እንደገባ የሚያውቀው መካኒኩ ነው። ባለመኪናው መለየት ስለማይችል ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ኦሪጅናል የሚገጥመው ታማኝ መካኒክም «ውደኛ» ተብሎ ደንበኛ ያጣል። ባለመኪናው የእሁድ ዕረፍቱን የሚከፍለው እንግዲህ ለጥርጣሬው ነው።

ይህ ማለት ባለመኪና ቁልፍ አይንካ ማለት አይደለም። መለኪያው የሥራው ቀላልነት ሳይሆን ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ መሆን አለበት። የአየር ፊልትሮ መለወጥ፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳት፣ የዘይትና የውኃ መጠን ማየት፣ የጎማ ንፋስ መለካት ማንም ሊሠራው የሚገባ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ቴስታታ የባለሙያ ናቸው። ለእነዚህ ባለመኪናው መለዋወጫውን ራሱ ገዝቶ፣ ሲገጠም ቆሞ ቢያይና አሮጌውን ቢረከብ፣ የጥርጣሬውን ግማሽ በአነስተኛ ወጪ ይገላገለዋል።

ትልቁ ዕድል ግን ያለው በጋራዥ ባለቤቶች እጅ ነው። ከሥራው በፊት ዋጋውን በጽሑፍ የሚያሳውቅ፣ የተለወጠውን ዕቃ ከነካርቶኑ የሚያስረክብና ለሥራው የተወሰነ የዋስትና ጊዜ የሚሰጥ ጋራዥ ጥቂት ብር ጨምሮ ቢጠይቅም ደንበኛ አያጣም። የሚሸጠው እምነት ነውና። ደላላውም ቢሆን በቀለሟ ብቻ ከምትወደስ መኪና ይልቅ የጥገና ደረሰኟ የተሟላላትን በተሻለ ዋጋ ማሻሻጥ ይችላል። አዲስ መኪና መግዛት ለብዙኃኑ በራቀበት በዚህ ጊዜ አሮጌዎቹ ገና ለብዙ ዓመታት ይጠገናሉ። ገንዘቡን ሥራ ላይ ለማዋል የሚሻ ባለሀብት ከሚቀጥለው የመለዋወጫ ሱቅ በፊት ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጥ ጋራዥ ስለመክፈት ቢያስብ አይከስርም።