ትኩረት በበጋ ይለካ

የሕዝብን የጋራ ትኩረት፣ ማለትም የብዙ ሰዎች ልብ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጉዳይ ማዘንበሉን፣ በአንድ ቀን ቆጠራ ማወቅ ይቻላል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ጎልቶ የታየው ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኞች መተከላቸው በይፋ በተገለጸበት የአረንጓዴ አሻራ ዕለት ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከ560 ሚሊዮን በላይ መተከላቸው ሲነገርም የቁጥሩ ማደግ የተቆርቋሪነት ማደግ ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ። ሆኖም እንዲህ ያለው ቆጠራ የሚያሳየው ስንት እጅ እንደተሰበሰበ እንጂ ስንት ልብ እንደጸና አይደለም።

ስሕተቱ ዓለም አቀፍም ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በሲድኒ የተጀመረው የምድር ሰዓት የተባለ መብራት የማጥፋት ዘመቻ የጠፉ መብራቶችን የትኩረት ምልክት ሲያደርግ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበትን የገበሬ ጎጆ ፈጽሞ አያየውም። በ1998 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት ደግሞ እንደ ሳንቲም ውርወራ ዕድልን ብቻ ተከትለው ቁጥር በሚያወጡ መሣሪያዎች የዓለምን የጋራ ንቃተ ኅሊና እንደሚመዘግብ ቢናገርም፣ የትኛው ሁነትና የትኛው ሰዓት እንደሚመረመር የሚመርጡት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በመሆናቸው ውጤቱ ብርቱ ትችት ገጥሞታል።

የወሎ ታሪክ ለዚህ ክርክር ከባድ ምስክር ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ እህል ለጉልበት ሥራ በሚከፈልበት በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ እርከን ሠርቶ፣ ዛፍም ተክሎ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ባለቤትነቱ የሕዝቡ ስላልነበረ በብዙ ቦታ ደኑ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። የወጣው ሰው ብዛት በዚያን ጊዜም የልብ መለኪያ አልነበረም።

ዛሬም በዚያው በወሎ፣ ከወልድያ በስተደቡብ፣ መርሳን ማዕከል ባደረገው ሀብሩ ወረዳ፣ ችግኝ በሐምሌ ሲተከል ዝናቡ ያጠጣዋል፣ ማሳው አዝመራ ስለያዘም ከብቱ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ቆጠራው የሚደረገው ትኩረት እጅግ በሚረክስበት ወቅት ነው። ፈተናው የሚመጣው አዝመራው ተሰብስቦ ከብትና ፍየል ያለጠባቂ ሲሰማራ፣ ማለትም ልቅ ግጦሽ ሲጀመርና መሬቱ ሲደርቅ ነው። ያን ጊዜ ተዳፋቱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ከልሎ ለማቆየት መኖን መተው፣ በተራ መጠበቅ፣ የጎረቤትን ፍየል ማስመለስና በቀበሌው ደንብ መቅጣት ያስፈልጋል፤ የጋራ ትኩረት ማለትም ይኸው ለብዙ ወራት የሚከፈል ዋጋ ነው።

የአንድ ቀን ዘመቻ ሕዝብን ማነሣሣቱና ወጣቱን ከአፈር ጋር ማገናኘቱ አይካድም፤ መቀስቀስ ግን መለካት አይደለም። ስለዚህ ቆጠራው ወደ ጥር ይሻገር፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት በዚያው ቦታ ይደገም፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከየቀበሌው ነዋሪ ጋር ያካሂዱት፤ ውጤቱም በተከታዩ ሐምሌ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በሕዝብ ፊት ይነበብ። አማርኛ ሥር ለሰደደ ተክልም ሆነ ለጽድቅ ለበቃ ሰው ጸደቀ የሚል አንድ ግሥ አለው፤ ሊቆጠር የሚገባውም የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው።