የጠርሙሱ ዋልያና የገደሉ ዋልያ

ዋልያዎቹ ሲጫወቱ ዶርም ውስጥ የሚተኛ የለም። ሲሸነፉ (መሸነፋቸውስ መች ብርቅ ሆኖ!) እንበሳጫለን፤ ብስጭታችንንም የዚያኑ እንስሳ ስም በተለጠፈበት ጠርሙስ እናወርደዋለን። ሳንቲማችን ላይ አንበሳ አለ። ታላላቆቻችን ስድስት ኪሎ ሆነው ከመንገዱ ማዶ አንበሳ ሲያገሳ እየሰሙ ያጠኑ እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። እንግዲህ አራዊት አትወዱም የሚለን ማን ነው? በስም ደረጃማ እንደኛ ወዳጅ ከየት ይመጣል!

ለመሆኑ ገደል ላይ የሚኖረውን ዋልያ በዓይኑ ያየ ከመካከላችን ስንት ነው? ይህ እንስሳ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 150 ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየተነሣም እየወደቀም እዚህ ደርሷል። ቀይ ቀበሮም ያው ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም አትገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከእነዚያም ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። አንድ ክፉ ዓመት ይበቃታል ማለት ነው።

ይህን ወሬ ባነሣን ቁጥር ካፌ ውስጥ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ገበሬው ጨረሰው!» ይባላል። አላዋቂ ነው፣ ያርሳል፣ ይቆርጣል፣ ያግጣል። ተናጋሪው ማኪያቶውን ይጨርስና ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ዛሬ የምንቃወመው ይህን አባባል ነው።

ፈጽሞ ውሸት ነው አላልንም። በሰሜን ገብሱ ገደል አፍ ድረስ ተዘርቷል፤ ከብቱም የዋልያውን ሣር ግጦታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ። በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ የአባቶቻቸውን ተራራ ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መዝገቡ ጸዳ፣ ጥሩ። በግና ገብስ የሚያውቀው የግጭ ሰው ከተማ ዳር ምን እየሠራ እንደሚበላስ ካፌ ውስጥ ያነሣ ሰው ሰምታችኋል? እኛ አልሰማንም።

እስቲ ደግሞ ወደ መንዝ እንሻገር። ጓሳ የሚባለው ከ3000 ሜትር በላይ ያለ ብርዳም አገር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ይህን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአስቦና የጌራ ልጆች በየደብራቸው ተከፋፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ መሬቱን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉታል። እስኪከፈት ድረስ ማጭድም ከብትም አይገባም። የደፈረ ይቀጣል። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡና ፍልፈሉ ተጠበቀ፤ አይጥና ፍልፈል ባለበት ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለች፤ ኑሮዋ በእነርሱ ነውና። ጭላዳውም እዚያው ይግጣል። ፓርክ የሚል ቃል ሳይሰማ፣ ኤክስፐርት ሳይላክለት ይህን የሠራ ማን ነው? ያ አላዋቂ የተባለው ገበሬ።

ቀሮን ማን አፈረሰው ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ትንሽ ያማል። የካቲት 1957 ዓ.ም. ታላላቆቻችን «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ታወጀ። መፈክሩ ትክክል ነበር፤ ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ሰው መሬት ማግኘቱን የሚያማ ከእኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን አዋጁ ርስትን ሲጠርግ በርስት ላይ የቆመውን ቀሮንም አብሮ ጠረገው። የሚታረሰውን መሬት ለአራሹ ብለናል፤ የማይታረሰውንስ ለማን? ያን ጊዜ ይህን የጠየቀ ተማሪ አላገኘንም። ጓሳ ባለቤት አጥቶ ማጭዱም ከብቱም ገባበት። መልሰው የሰበሰቡት እነዚያው መንዞች ናቸው፤ ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው መርጠው፣ ኮሚቴ አቁመው፣ ጥበቃውን በአዲስ ስም ቀጠሉት።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ የራሳችን ዕዳ አለብን። ፉከራና ቀረርቶ እንሰበስባለን፣ እንተነትናለን፣ ማርክ እናገኝበታለን። ዝሆን የጣለ፣ አንበሳ ገድሎ ጎፈር የደፋ ሰው ስንት ተፎከረለት! ብርድ ላይ ቆሞ ሣር ለጠበቀ የቀሮ አለቃ የተፎከረ ግን እስካሁን አልገጠመንም። ሲጣል ግዳይ ነው፤ ሲጠበቅ ምንድን ነው? ቃል እንኳ አላበጀንለትም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይፎክርበትን ጠላት እንጥራው። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጃት ጥይት አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ገባ፣ በ2003 ተመለሰ፣ በ2008 ደገመ፣ በ2014 ሠለሰ። በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። የሚያመጣው ከብት ተከትሎ ተራራ የሚወጣው ውሻ ነው። ውሻውን አታሳድግ እንዳንለው ገበሬው በጎቹን ከጅብ የሚያስጥልበት ሌላ ዘበኛ የለውም። ያን ጊዜ ባለሙያዎቹ በሽታው ሊያልፍበት በሚችለው መንገድ ያሉትን ቀበሮዎች በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፤ ሁሉንም መክተብ ሳያስፈልግ ወረርሽኙ እዚያው ቆመ። ከ2018 ወዲህ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ የሚጣል ክትባትም ተጀምሯል። ስለዚህ ነገሩ ምሥጢር አይደለም፣ መድኃኒቱ ይታወቃል። ውሻው ቢከተብ ቀበሮዋም የገበሬውም ልጅ ይተርፋሉ፤ ያ በሽታ ሰውንም አይምርምና። ይህን እያወቁ «ገበሬው ጨረሰው» ማለት ክትባቱን ያላደረሰውን ትቶ ክትባት ያጣውን መክሰስ ነው።

ከእኛው መካከል ከጎባ፣ ከደባርቅ፣ ከመንዝ የመጣችሁ አላችሁ። ለክረምት ስትገቡ ስለ ዋልያ ስብከት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ አደራ። አባቶቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁልን፤ የቤታችሁ ውሻ ተከትቦ ያውቃል ወይ? ክትባቱ የሚገኘው ስንት ሰዓት ተሂዶ ነው? ሣሩንስ ዛሬ የሚጠብቀው ማን ነው? የሰማችሁትን እነርሱ በተናገሩበት ቋንቋ ጻፉና መስከረም ላይ አምጡልን። በሚቀጥለው ዕትም ከግጥሞቹ አስቀድመን እናወጣዋለን፤ ወረቀት ካነሰን ግጥሞቹ ይቀነሳሉ።