ዑመር አል-ሙኽታርን በሠላሳ ሴኮንድ የምትጨርሱት ወንድሞች ሆይ!



ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ቪዲዮ አለ። ፈረሰኞች አቧራ እያስነሱ ይጋልባሉ፣ ታንክ ይነድዳል፣ ነሺዳ ተደርቦበታል፣ ከላይ በትልልቁ «የበረሃው አንበሳ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሠላሳ ሴኮንድ ነው። ከመድረሳችን ልጆች አንዱ ከአስር ሰላት በኋላ አሳየንና «ኡስታዝ፣ እንዴት ያለ ጀግና ነው!» አለን። «ፊልሙን አይተኸዋል?» ብለን ጠየቅነው። አላየውም። ሰውየው ማን እንደነበሩ ስንጠይቀው «ጀነራል» አለን።

ዑመር አል-ሙኽታር ጀነራል አልነበሩም። የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ። ጀግቡብ በሚገኘው የሰኑሲያ ዛዊያ ቀርተው፣ ሲያስቀሩ ኖረው፣ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቢያን ሲወር ሊመክቱት ተነሱ። ሃያ ዓመት ተዋጉ። ሲሰቀሉ ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። ሙስጦፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ፊልምም ሸይኹን መጀመሪያ የምናገኛቸው በፈረስ ላይ አይደለም። ከሕፃናት መሃል ተቀምጠው ከሱረቱ ረሕማን ስለ ሚዛኑ ሲያስረዱ ነው። ቪዲዮውን የቆረጠው ወንድማችን ይህን ዘለለው። ሕፃናትና ሉሕ «ላይክ» አያመጡማ!

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ የተዘለለ ትዕይንት ነው። ሙጃሂዶቹ የጣሊያንን ጦር ደምስሰው አንድ ወጣት መኮንን ብቻ ይተርፋል። ከተዋጊዎቹ አንዱ ሊገድለው ይነሳል። ሸይኹ ከለከሉ፤ ምርኮኛ አንገድልም አሉ። ሰውየው «እነሱ የእኛን ይገድላሉ» ቢላቸው፣ እነሱ አስተማሪዎቻችን አይደሉም ብለው መለሱለት። ልጁንም ባንዲራውን አስይዘው ሰደዱት። ወንድሞች፣ ፊልሙ ማለት እኮ ይሄ ነው! ቀሪው ጦርነት ነው፤ ጦርነት ደግሞ በየፊልሙ ሞልቷል። ያለዚህ ትዕይንት የቀረው ፈረስና እሳት ለማንም ይሆናል። ዛሬ አንተ ነሺዳ ትደርብበታለህ፣ ነገ ሌላው የራሱን ዘፈን ይደርብበታል።

«ታዋቂ ፊልም የሚሆነው በተዋናዩና በገንዘቡ ነው» የምትሉንም አላችሁ። እሺ እንየው። አንቶኒ ኩዊን ዑመርን፣ ኦሊቨር ሪድ ግራዚያኒን፣ ሮድ ስታይገር ሙሶሊኒን ሆነው ተጫውተዋል። ወጪው 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ከሰረ፣ ያወጣውን ትንሽ ክፋይ እንኳ አልመለሰም። ገንዘብ ቢያስታውስ ኖሮ ተረስቶ ነበር። እኛ ግን ካየነው ዓመታት አልፈው ያልረሳነው የሸይኹን መነፅር ነው። ገመዱ አንገታቸው ላይ ገብቶ መነፅሩ ከእጃቸው ሲወድቅ፣ አንድ ሕፃን ሮጦ ያነሳዋል። ጩኸት የለም፣ ፉከራ የለም። በአንድ መነፅር ስንት ነገር እንደተባለ እዩና ፍረዱ።

ፊልሙ የታሪክ ኪታብ አይደለም፤ ንግግሩም ከሰዎቹም አንዳንዱ የደራሲው ነው። ገንዘቡን ያወጣው የቀዛፊ መንግሥት ነው፣ የራሱም ዓላማ ነበረው። ስለ ሙዚቃው ዑለሞቻችሁን ጠይቁ፣ እኛ እዚህ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም። ነገር ግን ሳያዩ የሚያወግዙትንም አናልፍም። አል-ዐቃድ ከዚህ በፊት በሠራው «አር-ሪሳላ» ውስጥ ነቢያችን ﷺ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1977 ዋሽንግተን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ከመቶ በላይ ሰው አግተው ፊልሙ ይቁም አሉ። ነቢዩን የሚያሳይ መስሏቸው ነበር። ባላዩት ፊልም የሰው ሕይወት ጠፋ!

ግራዚያኒን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በሊቢያ ሕዝቡን በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጉሮ በአሥር ሺዎች የጨረሰው፣ ሸይኹንም መስከረም 1931 እ.ኤ.አ. ሱሉቅ ላይ በካምፑ ሰዎች ፊት ያሰቀለው፣ ያው የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ ነው። ሊቢያ ላይ የለመደውን ነው አዲስ አበባ ይዞት የመጣው። የጣሊያን መንግሥት ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1982 የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብሎ ከለከለ፣ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ቀዛፊ ሮምን ሲጎበኝ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። እነሱ ፊልሙን የፈሩት ሙሉውን ስለሆነ ነው። እኛ ግን ማንም ሳያስገድደን በገዛ ስልካችን ቆርጠን ጣልነው።

አል-ዐቃድስ እንዴት ሞተ? እ.ኤ.አ. በ2005 ዐማን ውስጥ ሆቴል ላይ በፈነዳ ቦምብ፣ ከልጁ ጋር። ያፈነዱት ሰዎች በእስልምና ስም እንዋጋለን የሚሉ ነበሩ። እነሱም ፈረሱን እንጂ ምርኮኛውን ያላዩ ናቸው ብንል ማን ይከራከረናል?

ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከዒሻ በኋላ ብትጀምሩት ሳይመሽ ትጨርሱታላችሁ። የግድ ቆርጠን እንለጥፍ ካላችሁም፣ ያቺን የምርኮኛውን ትዕይንት ለጥፏት። ነሺዳ አትደርቡባት፣ ሸይኹ ሲናገሩ ይሰማ።