የአልጋ ቁስል ሳይጀምር



ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለመሆኑ የሚናገረውን 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19ን ይዘን ስለ ዝሙት፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ደጋግመን ሰብከናል። ዊልቸር ላይ የሚውል ወገናችን መቀመጫው ላይ ስላለው ቆዳም ቃሉ ይመለከተናል ብለን እናምናለን። ይህን ከመድረክ መስማት የሚያሳፍራቸው ይኖራሉ። ቁስሉ ግን ሰው ይገድላል።

ፔዳ ግቢ የሚማር፣ ከወገቡ በታች የማይሰማው ወጣት አስቡ። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ላይብረሪ፣ ማታ ኅብረት፣ ዓርብ ደግሞ አዳር ጸሎት። ሌላው ሰው መቀመጫው ሲደነዝዝ ሳያስበው ይቁነጠነጣል፤ እርሱን ግን የሚነግረው ሕመም የለም። አጥንቱ ከውስጥ፣ ወንበሩ ከውጭ ሥጋውን ሲጫኑት ደም በደንብ መድረስ ያቆማል። ከላይ ትንሽ የጠቆረ ቦታ ሲታይ፣ ከሥር የተጎዳው ብዙ ሊሆን ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደትን ከመቀመጫ ላይ ማንሣት። ደረትን ወደ ጉልበት አድርጎ ማጎንበስ ወይም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል፣ እንደዚያው ሆኖም አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት። በስብከት መካከል እንዲህ የሚያደርገውን ሰው ዞር ብሎ ማየት፣ ይባስ ብሎም "መንፈስ ነው" ማለት አይገባም። አስተናጋጆች ይህን ይወቁልን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አከርካሪያቸው የተመታ ብዙ ወታደሮች ከጥይቱ ተርፈው በዚህ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር፣ ሕሙማኑ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ። (ፓራሊምፒክም የተወለደው ከዚያው ሆስፒታል ነው።) ያስፈለገው የሰው እጅና ሰዓት ነበር። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎችም ይዘው የመጡት እጃቸውን ነው። በአንጻሩ የሱፐርማኑ ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ ሐኪምም ገንዘብም ሳይጎድለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመሞቱ በፊት ኢንፌክሽን ለያዘው እንዲህ ላለ ቁስል ይታከም ነበር።

ስለ ፈውስ እንጸልያለን። ነገር ግን "ተነሥ!" እያሉ ሰውን ከዊልቸር መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል። የጸሎት ዘይትም ግንባር ይቀባ፤ ቁስል ላይ አይፍሰስ። ቁስል የጀመረውን ወገን ለረጅም ጾም አንገፋፋ። ሥጋው የሚጠገነው በእንቁላል፣ በምስርና በጣና ዓሣ ነው፤ ለኤልያስም መልአኩ ከመንገዱ በፊት ሁለት ጊዜ አብልቶታል (1ኛ ነገሥት 19)።

ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ ማታ በመስታወት ወይም በስልክ ፎቶ መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን እዩለት። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ በግልጽ አይታይም፤ ጠቆር ማለቱን፣ መሞቁንና መጠንከሩን በእጅ ፈትሹ። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ ቆዳው ወደ ቀድሞው እስኪመለስ አይቀመጥበት፤ ከተላጠ ወይም ከቆሰለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በባሕር ዳር ሙቀት ላብ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ሽንትም እንዲሁ፤ ደረቅ ልብስ ይቀየርለት። እንደ ቀለበት የተነፋ የጎማ ካላማዳሪ ላይ ማስቀመጥ ዙሪያውን ስለሚጫን ይጎዳል። ስለ ትራስ ከተማችን ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል መጠየቅ ይሻላል።

የኅብረት መሪዎች፣ ለአዳር ጸሎት ከመድረኩ አጠገብ አንድ ፍራሽ ይዘርጋ። ወንድማችን ከዊልቸሩ በሁለት ሰው ተደግፎ፣ ሳይጎተት ይውረድና በደረቱ ተኝቶ ይጸልይ። በግንባሩ ተደፍቶ የሚጸልይ ሰው ለጉባኤያችን አዲስ አይደለም።